የሬቫ ፀጉር እና «የምንጩ ቤት»

ኤፕሪል 6

አለቀ! ዛሬ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ዘፈን ቀድተን ጨረስን። አልበሙን የሚቀዳልን ኪፕ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ «ዶሽያ፣ በቃ አልበም አለሽ» ሲለኝ፣ ባለቤቴ ዴንዚል ሰው የሚያህለውን የቤዝ መሣሪያውን ወገብ ይዞ በቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ ደነሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ምዕመናኑ ወደ ታችኛው ሸለቆ ስለሄዱ አሁን ድምፅ የሚቀዳበት ቤት ሆኗል። ቢሆንም እዚያ ወለል ላይ መደነስ እኔን ያሳፍረኛል። ዴንዚልን አያሳፍረውም። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ለሚነዳ ሰው እፍረት የሚባል ነገር የለም።

ይህን ደብተር የገዛሁት የዘፈን ግጥም ልጽፍበት ነበር። ግጥሙ ስላለቀ ጭንቀቴን እጽፍበታለሁ።

ዕድሜዬ አርባ ሰባት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው ፀጉር እሠራለሁ። በስሜ ብቻ የሚወጣ አልበም ሲኖረኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስሙ «የምንጩ ቤት» ነው፤ ጁን 13 በድሮው የከብት መኖ መጋዘን እናስመርቀዋለን። እየጻፍኩ እስቃለሁ። አንቺ ሴት፣ አልበም አወጣሽ!

አንድ ነገር ብቻ። የመጨረሻው ዘፈን፣ ለአልበሙ ስሙን የሰጠው፣ ልክ አልመጣልኝም። ኪፕ ደጋግሞ ሰማውና «ቆንጆ ነው፤ ግን የሆነ ነገር ላይ ተደግፎ የቆመ ይመስላል። የተደገፈበት ነገር ደግሞ አይታየኝም» አለ። የናሽቪል፣ የዘፋኞቹ ከተማ፣ ልጅ ስለሆነ እንዲህ እየተናገረ ነው የሚኖረው። አጎት ሃርሌስን ጠየቅኳቸው። የአባቴ ጓደኛ ነበሩ፤ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ቫዮሊን ይጫወታሉ። ቫዮሊናቸውን ወደ ሳጥኑ እየመለሱ «ቤቱ የተወሰደበት በረንዳ ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ምን ይጨመርበት?»

«እኔ ቫዮሊን ተጫዋች ነኝ» ብለው ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ።

ለሬቫ አልነገርኳትም። ማለቁን ማለቴ ነው። ለምን እነግራታለሁ?

ኤፕሪል 7

ማታ ነው፣ ዴንዚል ተኝቷል። ማንም በማያነበው ደብተር ላይ መሸፋፈን ሞኝነት ስለሆነ ልጻፈው።

ሬቫ እህቴ ናት። በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ኃላፊ ናት። ልጆች ሆነን ወተቱ በውሃው ቅዝቃዜ ሳይበላሽ እንዲቆይ ምንጩ ላይ ወደተሠራችው የድንጋይ ቤት ይልኩንና እዚያው ቀርተን እንዘፍን ነበር፤ ድንጋዩ ድምፃችንን አሳምሮ ይመልስልናልና። እሷ ዋናውን ዜማ ትይዛለች፣ እኔ ከዜማዋ ጋር የሚገጥም ሌላ ቀጭን ድምፅ ይዤ ከላይ እሄዳለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ የሚባል ነገር አይገባም ነበር። እሷ መሬቱን ትይዛለች፣ እኔ ጣሪያውን። አርባ ዓመት እንዲያ ዘፈንን፤ በሰርግ፣ በቀብር፣ በየበዓሉ። አንድም ቀን «አንቺ ይህን ዝፈኚ» ተባብለን አናውቅም።

ባለፈው መኸር ኪፕ ሰማኝና አልበም እንሥራ አለ። እኔ ሬቫ «እኔም አለሁበት» እስክትል ጠበቅኩ። እሷም አላለች። ኖቬምበር አለቀ፣ ገና መጣ፣ በረዶው ቀለጠ። አልተጣላንም። ስንገናኝ «ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ» እንባባላለን። ይህ ከጥል ይከፋል፤ ጥልማ ይታረቃል።

ከኖቬምበር ወዲህ ፀጉሯን ልትቆረጥ መጥታ አታውቅም። ሐሙስ ዕለት ሸቀጣ ሸቀጥ መደብሩ ውስጥ ከሩቅ አየኋት። ከኮሌታዋ አልፏል፤ የፊቱም ዓይኗ ላይ ወድቋል። እንደ ባለሙያ ነው የምናገረው፤ ሌላ ነገር የለበትም።

ኤፕሪል 10

ለአፍታ ብቻ። ሱቁ ሞልቷል። የዘወትር ደንበኛዬ ቨርዲ ካስክ ስር ናት። ካስኩ ጆሮዋ ላይ ስለሚነፋ ሌላው ሰውም የማይሰማ ይመስላታል። አሁን ለጎረቤቷ እየጮኸች፦

«ሬቫ ብትኖርበት እገዛው ነበር! ዶሽያ ብቻዋን እኮ... እኔ እንጃ! እንትን የሌለው ነገር!»

እንትኑ ምን እንደሆነ አልተናገረችም። ካስኩን አንድ ቁጥር ጨመርኩባት።

ኤፕሪል 18

የዱር ሽንኩርት እራት ማግሥት ልምምድ መያዝ የማን ሐሳብ ነበር? የእኔ።

ትናንት እሳት አደጋ ጣቢያው ውስጥ አገር ምድሩ ተሰብስቦ ከጫካ የተለቀመውን ሽንኩርት ከድንችና ከአሳማ ሥጋ ጋር ጠብሶ በላ። ያን የበላ ሰው ለቀናት ይሸታል፤ ሁሉም ከበላ ግን ማንም ማንንም አይሸተውም። ኪፕ አልበላም ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ነው ከናሽቪል የደረሰው።

እኛ ደግሞ የምንጫወተው በአንድ ማይክ ነው። መሃል ይቆማል፣ ሁላችንም ዙሪያውን ተጠጋግተን እንቆማለን። ድምፅ የሚያስተካክልልን ማሽን የለም፤ የሚያስተካክለው እግራችን ነው። ድምፁ የጎላ ወደ ኋላ ይላል፣ ያነሰ ወደ ፊት ይገባል፤ የቫዮሊኑ ተራ ሲደርስ አጎት ሃርሌስ በትከሻቸው ሸርተት ብለው ገብተው ሲጨርሱ ይወጣሉ። ኪፕ የአቋቋማችንን ልክ ሊያይ መሃላችን ገባ። ወዲያው ወጣ። ደጅ ሄዶ ሲተነፍስ በመስኮት እያየን እስክናለቅስ ሳቅን።

«ሰዎች፣ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፤ እናንተ እርስ በርሳችሁ እንዴት ትተያያላችሁ?» አለ ተመልሶ።

«ዓይናችንን ጨፍነን ነው የምንዘፍነው፤ አላየህም?» አሉት አጎት ሃርሌስ።

በመጨረሻ ከእራቱ የተረፈውን አሙቀን አበላነው። ከዚያ በኋላ የትም ቦታ መቆም ቻለ።

ዘፈኖቹ እንዴት ያሉ ሆኑ! ፈጣኑ ላይ ዴንዚል ሳያውቀው ምላሱን አውጥቶ ነበር፤ ጥሩ ሲሄድለት ብቻ ነው ምላሱ የሚወጣው። «የምንጩ ቤት» ላይ ስንደርስ ግን ያው ነው፤ የሆነ ቦታ ላይ ስወርድ እግሬ መሬት አያገኝም።

ሌላ። ዴንዚል መሣሪያውን እየሸፈነ «በስተቀኝሽ የምትተዪው ቦታ የማን ነው?» አለኝ።

«ለክርኔ ነው።»

«ከተጋባን ሃያ ሁለት ዓመታችን፤ ክርንሽ ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

የማይኩን ገመድ ጠቀለልኩ።

ኤፕሪል 23

ኪፕ አንዲት ጎበዝ የናሽቪል ዘፋኝ «የምንጩ ቤት» ላይ ድምፅ እንድትጨምርበት አድርጎ ቅጂውን ልኮልኛል። ከእኔ በላይ ልትወጣ ሞክራለች፣ ቦታ የለም። ከስሬ ገብታለች፣ ያምራል፤ ግን ቤቴ ውስጥ የማላውቀው ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ያገኘሁ ያህል ደነገጥኩ።

ኪፕን «ባዶውን ይሁን፤ ዘፈኑ ባዶውን ይሻላል» አልኩት። አምኜበት ነው ያልኩት። ለማንም ቦታ እየጠበቅኩ አይደለም።

ሜይ 1

ዓርብ የእማዬ የፀጉር ቀን ነው። ቢጎዲን ስጠቀልልላት በመስታወቱ ታየኛለች፤ ሸሽቼ የማመልጥበት ቦታ የለም።

«ሬቫ ዝግጅቱ ስንት ሰዓት ነው ብላ ጠየቀችኝ።»

«ለምን እኔን አትጠይቀኝም?»

«ለምን አንቺ አትነግሪያትም?»

«ፖስተሩ ነዳጅ ማደያው ላይ ተለጥፏል፣ እማዬ።»

«እህት በፖስተር ነው እንዴ የምትጠራው?»

ሳላስበው ቢጎዲኑን አጥብቄ ጠቀለልኩት መሰለኝ፣ «ኧረ እኔ ምን አድርጌሽ ነው!» ብላ ጮኸች። ቨርዲ ከካስኩ ስር አንገቷን ብቅ አድርጋ «ምን አለች? ምን አለች?» ትላለች።

እማዬ ስትወጣ በር ላይ ቆማ «ፀጉሯ እንዴት እንደሆነ አይተሻል?» አለችኝ። አይቻለሁ። ለምን ሌላ ሱቅ አትሄድም? ከተማው ውስጥ ሁለት ፀጉር ቤት አለ። እዚያ ለመሄድ የሚከለክላት የለም።

ሜይ 12

ደረሰ! አልበሙ በካርቶን ተጭኖ ሱቁ ደረሰ! ሽፋኑ ላይ የምንጩ ቤት አለ። በሩ ላይ የበቀለው አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ሳይቀር በፎቶው ይታያል።

ፀጉሯ ላይ ቀለም የተቀባላት ሴት ሳትቀር ተነስታ አቀፈችኝ፤ ትከሻዬ ላይ ቡናማ ቀለም ቀርቷል፣ አላጥበውም። የሸለቆው ሬዲዮ ቀጥሎ ሁለት ዘፈን አጫወተ። ቨርዲ ከካስክ ስር ወጥታ በቢጎዲን ሙሉ ጭንቅላቷ እግሯን እያማታች ጨፈረች። ዴንዚል አውቶቡሱን ደጃፍ ላይ አቁሞ ሕፃናቱን ሁሉ ጥሩምባ አስነፋልኝ፤ አንዱ «የሾፌሩ ሚስት ታዋቂ ናት!» ብሎ በመስኮት ጮኸ።

እንዲህ ያለ ቀን ደግሜ ባይ ደስ ይለኛል። አንዱን ቅጂ በእማዬ በኩል ለሬቫ ልኬያለሁ። ምንም አልጻፍኩበትም። ምን ብዬ እጽፋለሁ?

ሜይ 16

የወረዳችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትንሽ ዝግጅት ነበረን። ሁሉም ጥሩ፣ «የምንጩ ቤት» ግን ወደቀ። በደንብ ወደቀ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ድምፄ ሸሽቶ ወደ ላይ ወጣ፤ ራሴን ስፈልግ አጣሁት። ሰዎቹ ደግ ናቸው፣ አጨበጨቡ። አንዲት ሴት «ከሌሎቹ ለየት ይላል» አለችኝ። ለየት ይላል! በዚህ አገር ያልጣመ ወጥ የሚመሰገነው እንዲህ ተብሎ ነው።

ግጥሙን ቢያንስ እወደዋለሁ፦

ከድንጋዩ በታች ውሃው ይሰማኛል፣
እኔ ከላይ ቆሜ ማን ከታች ይዞኛል።

ሌሎቹን ዘፈኖች በጊታር ነው የሠራኋቸው። ይህኛው ግን የሰው ፀጉር ሳጥብ፣ እጄ አረፋ ውስጥ ሆኖ፣ ባፌ ብቻ መጣልኝ። ሲመጣ ሙሉ ነበር። ምን እንደጎደለው አላውቅም። እንደ እኔ ያለች ደደብ የምርቃት ዘፈኗን ራሷ መዝፈን ያቅታታል?

ሜይ 24

የመቃብር ማስጌጫ እሁዳችን ነው። ጽሕፈቴ ከተዛባ ተናድጄ ስለሆነ ነው።

ጠዋት ያማረ ነበር። ዘመድ ሁሉ ኮረብታው ላይ ወጣ፤ ሣሩ ታጨደ፣ የአምናው አበባ ተነስቶ አዲሱ ተተከለ፣ በየመቃብሩ መሃል አንሶላ ተነጥፎ ምግቡ ተዘረጋ። አባቴን መቃብሩ ላይ ቆሜ «አልበም አወጣሁልህ» አልኩት። የዶሮ ጥብስ በእጄ ይዤ ነበር፤ ቅር የሚለው አይመስለኝም።

ሬቫ የኮኮናት ኬኳን ይዛ መጣች። ፀጉሯን ጠቅልላ በእርሳስ ወግታዋለች። በእርሳስ! ወደ አንድ ሳህን እኩል እጃችንን ሰደድን።

«የድንች ሰላጣሽ ጥሩ ነው» አለችኝ።

«ሰናፍጭ ጨመርኩበት።»

«አውቄያለሁ።»

ከኦክቶበር ወዲህ ረጅሙ ንግግራችን ይህ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። ሌላ ነገር ልላት እያሰብኩ ሳለ ዴንዚል የፒክአፑን በሮች ከፍቶ ለአጎቶቹ ልጆች አልበሙን ማጫወት ጀመረ። «የምንጩ ቤት» መጣ። ሬቫ አባባ መቃብር ላይ አበባ እየተከለች ነበር። እጇ ቀጥ አለ። አዳመጠች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ከዘፈኑ ጋር አብሮ ግን አይሄድም ነበር። ከዚያ ሳቀች።

ፈገግ አላለችም፤ ሳቀች። የአባባን ድንጋይ ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። አበባዋን አንስታ ወደ አያታችን መቃብር ሄደች፤ ትከሻዋ ገና እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ኬኳን አልበላሁም። አንድ ቁራጭ ብቻ።

ሜይ 25

ሳቀችብኝ።

ሜይ 29

«የምንጩ ቤት»ን ከዝግጅቱ ላወጣው ወስኜ ለቡድኑ ነገርኩ። ዴንዚል ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አጎት ሃርሌስ ግን የቫዮሊናቸውን ሳጥን ዘጉ።

«እሱ ከወጣ እኔም ወጥቻለሁ።»

«አጎቴ፣ አይሆንም እኮ! ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰምተውታል።»

«ሰምቼዋለሁ። የጎደለውም ይገባኛል።»

«ታዲያ ይንገሩኛ!»

«ማምጣቱ የእኔ ድርሻ አይደለም፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ በኋላ ሰባቴ ብለምናቸው ስለ ቲማቲም ችግኛቸው ብቻ አወሩኝ።

ዘፈኑ ይቆያል። መጨረሻ ላይ። የሰለቸው ሰው ለመሄድ እንዲመቸው።

ጁን 6

ትኬቱ አልቋል!! መጋዘኑ ወንበር እየተበደረ ነው።

አዲስ ጫማ ገዛሁ። ይጠበኛል። መልሼ አሮጌውን አወጣሁ።

ማር በሙቅ ውሃ። ማውራት ቀንሻለሁ፤ ደንበኞቼ ታመምሽ ወይ ይሉኛል።

መጋዘኑ ውስጥ ኬክ የሚሸጠው ለእሳት አደጋ ጣቢያው ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው፤ የዘንድሮውን ኬክ የምትሠራው ሬቫ ናት አሉ። ኋላ በኩል ጠረጴዛው ጋ ትቆማለች። ለኬኩ ነው የምትመጣው። እኔን አይመለከትም። ኬክ ሊሸጥ የመጣ ሰው ዘፈን ይሰማል አይባልም።

ጁን 12

እማዬ ለነገ ፀጉሯን ተሠራች።

«ሬቫ ቀሚስ ገዝታለች» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«ኬክ ለመሸጥ?»

«ሰማያዊ ነው።»

«ሰማያዊ ያምርባታል። ፀጉሯ ግን...»

«ምነው ፀጉሯ?» አለች እማዬ፣ በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ። «ምንም» አልኳት።

ሱቁን በሰዓቱ አልዘጋሁም። መቀሱን ሳልኩ፣ ወለሉን ደግሜ ጠረግኩ፣ መብራቱን ተውኩት። ምናልባት ሰው በመጨረሻ ሰዓት ፀጉሩን ሊስተካከል ቢፈልግ ብዬ ነው፤ ነገ ዝግጅት አለና። ማንም አልመጣም።

ጁን 14

ከየት ልጀምር! ትናንት ነበር። ቤተ ክርስቲያንም ሳልሄድ፣ የሌሊት ልብሴን ሳልቀይር ነው የምጽፈው። ጉሮሮዬ የለም። ፊቴ በሳቅ ብዛት ያመኛል።

ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ጀመርን። መጋዘኑ በሩ ድረስ ሞልቶ ነበር፤ ትራስ ይዘው የመጡ፣ የዘይት ቆርቆሮ ላይ የተቀመጡ። እማዬ ፊት መስመር ላይ፣ ፀጉሯ እንደ ተወለወለ መዳብ። ኪፕ ጥግ ላይ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። በመጀመሪያው ፈጣን ዘፈን ሲጨፍሩ እንዲያንኳኳ ጫማቸው ስር ብረት ያስመቱት ሽማግሌዎች ተነስተው ወለሉን ያዙት፤ አቧራው ተነሳ፣ የአሥር ዓመት ልጅና የሰማንያ ዓመት ሴት ፊት ለፊት ቆመው ሲጨፍሩ የማን እግር እንደሚፈጥን መለየት አቃተኝ። ዴንዚል ምላሱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አውጥቶ ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ዘፍኜ አላውቅም። ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ስሄድ የሚገፋኝ ሕዝቡ ነበር።

ኋላ በኩል ሰማያዊ ቀሚስ አየሁ። በላዩ ላይ ሽርጥ። በጣም ብዙ ጊዜ አላየሁም።

መጨረሻው መጣ። «ይህ የምንጩ ቤት ይባላል» አልኩ። ጀመርኩ። የመጀመሪያውን አንቀጽ በጥርሴ ይዤ አለፍኩት። ሁለተኛው ላይ ያ የማውቀው ባዶ መጣ፤ እግሬ ሲወርድ፣ መሬቱ ሲጠፋ። በዚያች ቅጽበት አጎት ሃርሌስ የቫዮሊኑን ደጋን ከክሩ ላይ አነሱት። አቆሙ። ልባቸው ይሆን ብዬ ደነገጥኩና ዞርኩ። ደህና ናቸው። ወደ ኋላ፣ ወደ ኬኩ ጠረጴዛ ያያሉ።

ከዚያ ሰማሁት። የሬቫ ድምፅ ነው። የእኔን ግጥም፣ በሌላ ዜማ። ዝቅ ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ በእግሩ የሚሄድ ዜማ፤ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው፣ ግን ሁልጊዜ የማውቀው። እኔ የምዘፍነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ላዩ ላይ ተቀመጠ። የሸሸኝ ቦታ ሁሉ መልስ ሆኖ ተገኘ። ያ በረንዳ ቤቱ መጣለት።

በመሃል መተላለፊያው መጣች። ሰው እግሩን ይሰበስብላታል። ሽርጧን አልፈታችም፣ የኬኩን ቢላዋ በእጇ ይዛለች፣ እርሳሱ ፀጉሯ ላይ አለ። ወደ መድረኩ ወጣችና በስተቀኜ ባለው ክፍት ቦታ ቆመች። እኔም ሳላስበው ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን አልኩ፣ እሷም ግማሽ ወደ ኋላ፤ ድምፅዋ ከእኔ ይጎላልና። ማንም አልነገረንም። እግራችን አልረሳውም ነበር።

ሦስተኛውን አንቀጽ እንባዬ አፌ ውስጥ እየገባ ዘፈንኩት። እንባ ጨዋማ ነው፤ የላይ ድምፅ ላይ ይረዳል እንጂ አይጎዳም። ሕዝቡ እንደገና አለ። እንደገና ዘፈንነው። አሁንም እንደገና አለ። እማዬ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከአሁን በኋላ ለማንም ምንም መናገር የሌለባት ሰው ሆና ተቀምጣለች።

ሲያልቅ በመጋዘኑ የኋላ በር፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ያለ ሰላምታ ጀመርኩት።

«መቃብሩ ላይ ለምን ሳቅሽብኝ?»

«ምን ላድርግ! ሙሉ አልበም ሠርተሽ፣ ካርቶን ሙሉ አሳትመሽ፣ ዜማውን ረስተሽዋል!»

«ዜማውንማ ዘፍኜዋለሁ።»

«የዘፈንሽው የላዩን ነው፣ አንቺ የማትረቢ! የእኔን ቦታ ባዶ ትተሽ የራስሽን ብቻ ቀድተሻል። በጊታር ብትሠሪው ኖሮ ጊታሩ ይነግርሽ ነበር።»

 ቀስ ብዬ ባፌ ውስጥ ሞከርኩት። እውነቷን ነው። አርባ ዓመት ከላይ ከላይ ስሄድ ኖሬ፣ ዘፈን ሲመጣልኝ የመጣልኝ የላዩ ነው። የታቹ መኖሩን እርግጠኛ ስለነበርኩ አልፈለግኩትም።

«አንቺስ እንዴት አወቅሽው? ጽፌው አላውቅም እኮ።»

«አንቺ እዚያ ላይ ከሆንሽ እኔ የት እንደምሆን ይጠፋኛል?» አለችና አፍንጫዋን በሽርጧ ጠረገች። «በመጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ አያታችን ጋ ሄጄ አለቀስኩ። እሷን ጠይቂያት።»

አጎት ሃርሌስ ኬክ በወረቀት ሳህን ይዘው መጡ።

«ያውቁ ነበር አይደል?» አልኳቸው።

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«አጎቴ! ታዲያ እንዴት ዝም ይሉኛል?»

«ብነግርሽማ ዜማውን ራስሽ ይዘሽው፣ የላዩን ያቺ የናሽቪል ልጅ ትዘፍንልሽ ነበር። እኔ ደግሞ ያቺን ልጅ አላውቃትም።» ኬካቸውን ጎረሱ። «ቢሆንም ትንሽ ፈርቼ ነበር። ሁለታችሁም የአባታችሁ ግትርነት አለባችሁ፣ እኔ ደግሞ ዕድሜዬ ሄዷል።»

ጁን 16

ኪፕ ጠዋት ደወለ። አልበሙ ውስጥ ያለው ዘፈን ግማሽ ነው፣ ከሬቫ ጋር እንደገና እንቅዳው፣ በበጋው ያሉትን ዝግጅቶችም አብራችሁ ሥሩ ይላል። «ጠይቄያት ልንገርህ» አልኩት።

ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል በሩ ላይ ቆማለች። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ሥራ የላትም። ምንም ሳትል ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እርሳሱን መዘዝኩት። ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ወደቀ፤ ምን ያህል ረዝሞ! ልብሷ ላይ ፎጣ አሰርኩላት፣ አበጠርኩት፣ አረጠብኩት።

«ምን ያህል ላሳጥረው?»

«እንደ ድሮው።»

መቀሱን አነሳሁ፤ እጄ ግን አልሄድ አለ። በመስታወቱ ውስጥ ታየኛለች። ቨርዲ ካስክ ስር ሆና ጋዜጣዋን ዝቅ አደረገች። አርባ ዓመት አብረን ስንዘፍን፣ በልጅነታችን በአንድ አልጋ ስንተኛ፣ በአንድ ሳህን ስንበላ፣ ይህችን አንዲት ነገር ጠይቄያት እንደማላውቅ ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ። መጠየቅ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም ነበር።

«ሬቫ» አልኩ። «ከእኔ ጋር ትዘፍኛለሽ?»

ቨርዲ ካስኩን ራሷ አጠፋችው። 

«መጀመሪያ ፀጉሬን ቁረጪ፤ ከዚያ አስብበታለሁ» አለች እህቴ፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ። ከወንበሩ በታች ግን እግሯ ወለሉን መምታት ጀምሮ ነበር፤ እኔም በእሱ ምት ቆረጥኩ።